ዓርብ ዓርብ የሚጠፋው መብራት

በአሽቀሎንና በዙሪያዋ ለሠላሳ ዓመት ያህል መብራት የበራው በእኔ ፈቃድ ነው። እኔ ያልነካሁት አምፖል አይበራም፤ እኔ ያላየሁት ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለመግባት ያፍር ነበር። የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ላይ በምሽት ዓሣ የሚበላው ሰው ሁሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ የሚያየው በእኔ ብርታት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ አንድ አንድ ቁራጭ ያካፍለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት መሰላል በመያዝ ነው። መሰላሉ ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ነበር።

ባለፈው ክረምት ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ፣ ለዕድሜዬ ቃሉ ቢከብድም፣ ጡረታ ወጣሁ። ባልደረቦቼ በመሰነባበቻው ዕለት የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍሊያ ሰጡኝ። እቤት ወስጄ ብሰካው የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ሚስቴ ከማድ ቤት፣ «ለመሆኑ ባለሙያው፣ ሻማ የት እንደምናስቀምጥ ታውቃለህ?» አለች። እኔ ሻማው እስኪመጣ ድረስ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ከጎንደር ተነሥተን በሱዳን በኩል እዚህ እስራኤል ስንገባ ጢሜ ገና አልወጣም ነበር። ዕብራይስጥ ተማርኩ፤ ውትድርናዬን ጨረስኩ፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ኮርስ ገባሁ። ለምን ኤሌክትሪክ መረጥክ ብለው ለጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። ለሚስቴ አንቺን በብርሃን ለማየት ብዬ ነው ብያታለሁ። እውነተኛውን መልስ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩት የመስመርና የምሰሶ ጥገና በሚሠራ አንድ ተቋራጭ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ስሜን ለመያዝ ስላልደፈረ ዓመቱን ሙሉ «አንተ መሰላል» እያለ ጠራኝ። የደሞዝ ወረቀቴን ያየ ሰውም የተቀጠረው መሰላሉ እንጂ እኔ አልመስለውም ነበር። እሱ ሌላ ቦታ ሲዛወር ለሚሞን ተሰጠሁ።

ሚሞን በልጅነቱ ከሞሮኮ የመጣ፣ ጠና ያለ፣ አጭር፣ ሆዱ አንድ እርምጃ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነበር። «ጌታሁን» የሚለውን ስሜን አሳጥሮ «ጌታ» ይለኝ ጀመር። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ ጌታ እያለ ሲጠራኝ ትርጉሙን ልነግረው አላስቻለኝም።

ከሚሞን የተማርኩት ከኮርሱ አይገኝም። የኤሌክትሪክ ሳጥን ሲከፍት ግራ እጁ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ናት። «በሁለት እጅህ ከነካህ፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብህ በኩል ነው» ይላል። «ግራ እጅህ ኪስህ ውስጥ ከሆነች ልብህ እቤቷ ናት።» ሥራ ላይ ጀምሮት ልማድ ሆኖበት፣ ሻይ ሲጠጣም፣ ሲጨቃጨቅም፣ መንገድ ሲሄድም ያቺ እጅ ኪስ ውስጥ ናት። ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት በቀኝ እጁ ጀርባ በርቀት ሙቀቱን ይለካል። በመዳፉ አይደለም። መዳፍ ኤሌክትሪክ ከያዘው ይጨብጣል፣ አይለቅም፤ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። የላላ ብሎን እንደ ተቃጠለ ዓሣ ይሸታል ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው ይጠይቃል። «መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ምን እየሠራችሁ ነበር?» ይላል። ሴትዮዋ ስለ ምድጃዋ ጀምራ ስለ ልጇ ሠርግ ብታወራ እስከ ሠርጉ መጨረሻ ይሰማታል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ይህ ሰው ሥራ ለማምለጥ ሲል የማይሰማው ወሬ የለም እል ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከአሽቀሎን ወጣ ብሎ፣ እርሻ መሐል ባለ ጉብታ ላይ፣ ለአዲስ ገቢዎች የካራቫን ሰፈር ተዘረጋ። ካራቫን ማለት በመኪና ተጎትቶ መጥቶ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በጋ ምድጃ፣ ክረምት ማቀዝቀዣ። ሰፈሩን የሞሉት ገና ከጎንደር የገቡ የእኛው ሰዎች ነበሩ። መብራት የምታመጣላቸው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ እርሻውን አቋርጣ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች የምትደርስ። ነፋስ ሲነሣ ትጠፋለች። ዝናብ ሲያካፋ ትጠፋለች። እኔ ስስቅም የምትጠፋ ይመስለኝ ነበር።

ለብዙዎቹ ይህ ከሻማ ጋር መወዳጀት ብቻ ነው። በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ለምትኖረው ለእትዬ ወርቅነሽ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሳንባዋ ስለደከመ፣ ሐኪም ቤት ከአየሩ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ የሚያደርስ መሣሪያ ሰጥቷታል። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሲሠራ ሞፈር እንደሚጎትት በሬ ስለሚያቃስት «በሬው» ትለዋለች። መብራት ከጠፋ በሬው ይቆማል። ለመጠባበቂያ የተሰጣት ትንሽ ጠርሙስ የምታዘልቃት አምቡላንስ እስኪመጣ ነው፤ አምቡላንሱ ደግሞ ክረምት ክረምት ጭቃውን ፈርቶ ከዋናው መንገድ አያልፍም።

መጀመሪያ ስንሄድ ልጇ አልማዝ በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። ምላሷ ከሽቦ መቁረጫዬ የሰላ ነው።

«ባለፈው የመጣው ሰው ጨርሻለሁ ብሎ ሄደ፤ መኪናው ጉብታውን ሳይወርድ ጠፋ» አለች። «እናንተስ እስከ የት ድረስ ልትሸኙን ነው?»

«እኔ ከመጣሁ ወዲያ መብራት አይጠፋም» አልኳት።

«አንተ ማን ነህ?»

«ጌታ ነው» አለ ሚሞን፣ ምኑም ሳይገባው። አልማዝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እትዬ ወርቅነሽም ከአልጋዋ ላይ ሆና እጇን ዘረጋችልኝ። «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ?» አለችኝ። ነገርኳት። በአባቴ ወገን አገናኝታ ዘመድ አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ መብራት መጥፋቱ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

ያን ክረምት የሠራነውን አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ሚሞን መጀመሪያ መስመሩን ከእግሩ እስከ ራሱ በእግር አስኬደኝ። ሽቦው በምሰሶው ላይ የሚቀመጥባቸው የሸክላ ስኒዎች በጋውን ሙሉ የእርሻ አቧራና የባሕር ጨው ጠጥተው ነበር። ደረቅ ሲሆን ምንም አይል፤ የመጀመሪያው ጠል ሲነካው ግን ጨዉ ሊጥ ይሆንና ኤሌክትሪኩ በላዩ ላይ ዘሎ ያመልጣል። መስመሩን እያስጠፋን ምሰሶ በምሰሶ ወጥተን አጠብናቸው። በዚህ ጊዜ መሰላሉ ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ የሚይዝልኝ ሚሞን፣ ያውም በአንድ እጁ።

ቀጥሎ ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ጉድ አገኘን። ከሚገቡት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱ ሥራ ፈትተው፣ ካራቫኑ ሁሉ በአንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው በሙሉ አንድ አህያ ላይ ተጭኖ ሌሎቹ ሁለት አህዮች ሣር ሲግጡ ማለት ነው። ጭነቱን ለሦስቱ አከፋፈልነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅን። ሥራው ሲያልቅ ነፋስ ነፈሰ፣ ዝናብ ዘነበ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም። እኔ በሰፈሩ ውስጥ ስሄድ ደረቴ ከሚሞን ሆድ በለጠ።

ዓርብ ሲመሽ የሦስተኛው ረድፍ መብራት ጠፋ።

ተረኛው እኔ ነበርኩ። እየከነፍኩ ስደርስ በረድፉ ራስ ባለው ሳጥን ውስጥ ዋናው ማጥፊያ ወርዶ አገኘሁት። ከፍ አደረግኩት፤ በራ። አልማዝ አይታኝ በሩን ዘጋችው፤ ከስድብ ያ ባሰብኝ።

ምክንያቱን ወዲያው ደረስኩበት። ዓርብ ከሰዓት ሰው ሁሉ ገላውን ይታጠባል፣ የውኃ ማሞቂያው ሁሉ ይበራል፣ ወጥ ይሠራል። ጭነት በዛ፣ ማጥፊያው ራሱን አወረደ። ለቢሮው አስረዳሁ፤ ሚሞን ታሞ ተኝቶ ስለነበር የሚጠይቀኝም አልነበረም። ከፍ ያለ ጭነት የሚችል ማጥፊያ ገጠምኩ፤ ወፍራም ገመድ ዘረጋሁ። ለአልማዝም፣ «ከእንግዲህ ከጠፋ ስሜን ቀይሪው» አልኳት።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠፋ። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ እኔም ሌላ ቦታ ጥገና ላይ ስለነበርኩ ዘግይቼ ደረስኩ። ከጉብታው ግርጌ የመኪናዬ መብራት ያረፈው አራት ሰዎች ላይ ነው። እትዬ ወርቅነሽን በብርድ ልብስ አድርገው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው ወደ መንገዱ ያወርዷታል። አልማዝ ጠርሙሱን ታቅፋ ከጎን ትሮጣለች። ወርጄ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። እትዬ ወርቅነሽ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አየችኝ፤ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራትም። አምቡላንሱ ሲሄድ አልማዝ ወደ እኔ ዞረች።

«እሷ ታምናሃለች እኮ» አለች። «ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ሰዎች ዓርብ ዓርብ ዘመድ ቤት ትሁን ሲሉ፣ የእኛ ልጅ ሠርቶታል አይጠፋም ብላ እምቢ አለች።»

ሳጥኑን ስከፍት ማጥፊያው እንደገና ወርዶ አገኘሁት፤ ከፍ አደረግኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የሚሠራው ነገር ሁሉ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

እትዬ ወርቅነሽ ድና ተመለሰች። ሚሞንም ከበሽታው ተነሣና ሁሉንም አስተረከኝ። እንደ ሠርጉ ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እጀታው የት ነበር?» አለ።

«የምን እጀታ?»

«የማጥፊያው። ወርዶ ስታገኘው መሐል ላይ ነበር ወይስ ታች?»

«ታች። እስከ ጥጉ።»

ሚሞን ሻዩን አስቀመጠ። «ያ ዓይነት ማጥፊያ ጭነት በዝቶበት ራሱን ሲያወርድ እጀታው መሐል ላይ ነው የሚቆመው። እስከ ታች የሚወርደው የሰው እጅ ሲያወርደው ነው።» ይህን ኮርሱ ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተናም ላይ መጥቶ መልሻለሁ። «ሰዎቹንስ ጠይቀሃል?» አለኝ።

«የራሴ ሰዎች ናቸው እኮ ሚሞን። አውቃቸዋለሁ።»

«እሺ ጌታ» አለ። ያን ቀን ትርጉሙን የሚያውቅ መሰለኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሁለታችንም መኪናውን ከረድፉ ራስ ትንሽ ራቅ አድርገን አቁመን ተቀመጥን። የሚሞን ሚስት ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳትገባ እቤት እንዲደርስ አስጠንቅቃዋለች፤ ሰዓቱን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ያያል። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ የረድፉ ሽማግሌ አባባ ፈንታ ብቅ አሉ። ታጥበዋል፣ ነጭ ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል። በሰፈሩ እሳቸውን የማያከብር ሰው የለም። ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ዱላውን አስደግፈው፣ ክዳኑን ከፈቱ፤ ወደ ፀሐይዋ ተመለከቱ፤ በሁለት እጃቸው እጀታውን ቀስ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ወደ ታች አወረዱት።

ሦስተኛው ረድፍ ጨለመ። ከመኪናው ዘለን ወረድን።

«አባባ ፈንታ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «እሳት ማጥፋቴ ነው።»

«የምን እሳት?»

«ሰንበት መግባቷ አይደለም እንዴ? ምድጃው ውስጥ ያለው ሽቦ ፍም መስሎ ሲቀላ አይቻለሁ። የሚቀላና የሚፈጅ ነገር እሳት ካልሆነ ምን ይባላል? አገር ቤት እያንዳንዱ በየቤቱ ነበር የሚያጠፋው። እዚህ እግዜር ይስጣቸው፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ማጥፊያ አበጅተውልናል። ሌላው እንዳይደክም ብዬ እኔው አጠፋዋለሁ፤ ሰንበት ስትወጣ እኔው አበራዋለሁ።» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል። እኔ ካጠፋሁት በኋላ፣ አንድ ሰው በመኪና እየመጣ በሰንበት ይለኩሰዋል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ልብ ይስጠው እያልኩ እጸልይለታለሁ።»

«ምን አለ?» አለኝ ሚሞን በዕብራይስጥ።

«ለእኔ ይጸልያል።»

ልስቅ ስል ከረድፉ መጨረሻ የአልማዝ ጩኸት ተሰማ። «አባባ ፈንታ» አልኩ፣ «እትዬ ወርቅነሽ የምትተነፍሰው በዚህ ነው። ይህ ሲጠፋ ትንፋሿም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው በብርድ ልብስ የወረደችው በዚህ ነው።»

አባባ ፈንታ ደጇ ላይ ቆመው እግዜር ይማርሽ ሳይሏት የሚያልፉበት ቀን አልነበረም። መሣሪያው ሲያቃስትም ይሰማሉ፤ ሐኪም የሰጣት ነገር መሆኑን እንጂ ከዚህ ሳጥን የሚበላ መሆኑን የነገራቸው የለም። ሁላችንም የሚያውቁ መስሎናል፤ እሳቸውም ማጥፋታቸውን ሁላችንም የምናውቅ መስሏቸዋል። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ አየሁ።

«ፀሐይ አለች?» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ንገረኝ። አለች?»

ዞር ብዬ አየሁ። በባሕሩ ላይ ቀጭን ቀይ ጠርዝ ቀርታለች። «አለች።»

«አብራው። ባትኖርም አብራው።»

እጀታውን ከፍ አደረግኩት። ካራቫኖቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ከመጨረሻውም በሬው ማቃሰት ጀመረ። አባባ ፈንታ በነጭ ልብሳቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ሚሞን ከጎናቸው ተቀመጠ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ሁለቱም የሚያዳምጡት ያንኑ ድምፅ ነበር።

እሑድ ተመልሰን ለእትዬ ወርቅነሽ ካራቫን ከምሰሶው ለብቻው መስመር አወጣንላት። እኔም በየቤቱ እየገባሁ፣ ለሰንበት ማጥፋት የሚፈልግ የራሱን ብቻ የሚያጠፋበትን አሳየሁ። ሚሞን የረድፉ ሳጥን ላይ ቁልፍ ገጠመና ቁልፉን ለአባባ ፈንታ ሰጣቸው። የሚሞን አለቃ ይህን ሲሰማ ቢሮው ተናወጠ።

«ቁልፉን ለሚያጠፋው ሰው?»

«ታዲያ ለማን ልስጠው?» አለ ሚሞን። «ሰፈሩ ውስጥ ሳጥኑ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አባባ ፈንታ ዓርብ ዓርብ የራሳቸውን ካራቫን ያጨልሙና፣ ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው በእትዬ ወርቅነሽ ደጅ ይቀመጣሉ። እሷ ከውስጥ፣ «አባባ፣ ብርድ ነው፣ ይግቡ» ትላለች። እሳቸው፣ «ተይኝ፣ በሬውን እየጠበቅኩ ነው» ይላሉ። አልማዝ ስሜን አልቀየረችውም፤ ግን ባገኘችኝ ቁጥር፣ «በሰንበት እሳት የሚለኩሰው መጣ» ትለኝ ነበር። እናቷ ከተማ ውስጥ ቤት አግኝታ እስክትወጣ ድረስ በሬው በአንድም ዓርብ አልቆመም።

እዚህ ላይ ባቆም ለክብሬ ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን ያን ዓርብ ከአባባ ፈንታ ጋር ጭቃው ላይ ስንቀመጥ ፀሐይዋ ጠልቃ፣ ሰንበት ገብታ ነበር፤ ሚሞን ደግሞ በሰንበት መኪና አይነዳም። ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ አብሬው በእግሬ ጀመርኩ። ቢያንስ ለእሱ እንደዚያ አልኩት። የእርሻው መንገድ መብራት የለውም፤ ጨረቃም አልነበረችም።

«የራሴ ሰዎች ናቸው ብለኸኝ ነበር» አለ ሚሞን ስንሄድ። «ይህን እንዴት ሳታውቅ ቀረህ?»

አውቅ ነበር። እናቴ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን በአመድ ስታጠፋ አጠገቧ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቤቱ ይጨልማል። ሌሎቹ ሰንበት ገባች ብለው ደስ ሲላቸው፣ እኔ የነጠላዋን ጫፍ በጡጫዬ ጨብጬ እስኪነጋ አልለቅም ነበር። አገሩን ስንለቅ ያንን ጨለማ ከሁሉ ቀድሜ ረሳሁት፤ አጥብቄ ስለረሳሁት ሳጥኑ ፊት ቆሜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ኤሌክትሪክ ለምን እንደተማርኩም ያኔ ነገርኩት።

ሚሞን ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ውትድርናውን የጨረስኩ፣ ምሰሶ ላይ የምወጣ ሰው፣ ከእርሻው መንገድ እስከ አሽቀሎን አውቶቡስ ጣቢያ መብራቶች ድረስ የአለቃዬን እጅ ይዤ ሄድኩ። ጨለማ እፈራለሁ። ያኔም እፈራ ነበር፤ አሁንም የኮሪደሩ መብራት ካልበራ አልተኛም።